ካምቢዮ ቤት ውስጥ ለማውረድ የትኛውን ክሪክ ልግዛ?

የመኪና ገጽ፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር ከሰሜን ሸዋ አራት ጥያቄ መጣ፣ አራቱም ዞሮ ዞሮ ስለ ክሪክ ስለሆነ አንድ ላይ አረኳቸው። የጣርማበርን ዳገት ጭኖ የወጣ ሰው ለምን እንደሆነ አይጠፋውም፣ ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር አካባቢ ላይ ናት ጣርማበር ደሞ ከ3,000 ይበልጣል፣ በመሃል ያለውን ልዩነት ሚከፍለው ፍሪሲዮን ነው፣ ሞተሩን ከካምቢዮው (ከማርሽ ሳጥኑ) ጋር ሚያገናኘው ክፍል ማለት ነው።

ጥያቄ፦ ጋሼ ጤና ይስጥልኝ። ደብረ ብርሃን ጠባሴ ነው ምኖረው። የድሮ ናፍጣ ሃይሉክስ አለኝ፣ ፎር ባይ ፎር፣ ማኑዋል። ከሸዋ ሮቢት ሽንኩርት ጭኜ ስመለስ ደብረ ሲናን እንዳለፍኩ ሞተሩ ይጮሃል መኪናው ግን አይሄድም፣ የሚቃጠል ነገር ይሸታል። ፍሪሲዮን አልቋል ተባልኩ። ጋራዥ የጠየቁኝ የእጅ ዋጋ ስለበዛብኝ ከሚስቴ ወንድም ጋር ሆነን ፍሪሲዮኑ ጋ ለመድረስ ግቢያችን ውስጥ ካምቢዮውን ልናወርድ ነው፣ እሱ ትንሽ መካኒክነት ሞካክሯል። መርካቶ ሄጄ ሶስት አይነት የካምቢዮ ማውረጃ አየሁ። አንዱ ዝቅ ያለ ባለ አራት ጎማ፣ አንዱ ረጅም ቀጥ ብሎ ሚቆም፣ አንዱ ደሞ እራሱ ክሪክ ሳይሆን ክሪክ ላይ ሚሰካ ሳህን መሳይ ነገር። ቤት 3 ቶን ሚያነሳ ባለ ጎማ ክሪክ አለኝ። 3 ቶን ያነሳ ካምቢዮ ያቅተዋል እንዴ? ግቢዬ አፈር ነው፣ እሱም ያሳስበኛል።

መልስ፦ ወንድሜ የቶኑን ነገር ለጊዜው ተወው። ያንተ ካምቢዮ ከነ ትራንስፈሩ (ጉልበቱን ለፊትና ለኋላ ጎማ ሚያካፍለው) በግምት ከ70 እስከ 90 ኪሎ ቢመዝን ነው፣ አንድ ኩንታል ገብስ እንኳ አይሞላም። ኩንታል ለማንሳት 3 ቶን አያስፈልግም። መርካቶ ያየኸው ዝቅ ያለው ክሪክ ብዙ ጊዜ 450 ወይ 500 ኪሎ ነው ሚያነሳው፣ ላንተ እሱም ይተርፋል። ጉዳዩ ማንሳቱ ጋ ሳይሆን መያዙ፣ ማዘንበሉና ቀስ ብሎ ማውረዱ ጋ ነው ያለው፣ ያንተ 3 ቶን ደሞ በነዚህ በሶስቱ ነው ሚደክመው።

ለምን ብትል፣ መኪና ስታነሳ ክሪኩ ሚይዘው ጠፍጣፋ ቻሲ ነው፣ መኪናው ደሞ በሌላ በኩል በጎማዎቹ ቆሟል። ካምቢዮ ግን ሆዱ ክብ፣ ፊቱ ሰፊ፣ ኋላው ቀጭን፣ ባንተ መኪና ላይ ደሞ በአንድ ጎኑ ትራንስፈር ያበጠበት ነገር ነው፣ ክብደቱ መሃሉ ላይ የለም። ያንተ ክሪክ ጫፍ ላይ ያለችው ክብ ብረት የሲኒ ማስቀመጫ ብታክል ነው። እዛ ላይ 80 ኪሎ ክብ ነገር አስቀምጠህ፣ ብሎኖቹ ሲፈቱ ደሞ ወደ ኋላ እየሳብክ፣ አስበው እስቲ። ወደ አንድ ጎን ሲንከባለል እጅህን ትሰዳለህ፣ ሰው ሆነህ አለመስደድ አትችልም። እኔ ልጅ ሆኜ አንድ ጋራዥ ውስጥ ስማር አለቃችን ካምቢዮ በደረት ነበር ሚያስወርደን፣ ከስር በጀርባችን ተኝተን ሁለት ሆነን እንቀበላለን፣ ክሪክ ሚጠቀም መካኒክ እንደ ሴታ ሴት ነበር ሚታየው። አንድ ቀን ጓደኛዬ ሳል ያዘውና ለቀቀው፣ ካምቢዮው ዞሮ እጄን ከቻሲው ጋር አጣበቀው። የቀኝ እጄ አውራ ጣት ጥፍር እስከዛሬ እንደ በግ ቀንድ ጠማማ ነው። ጓደኛዬን አልቀየምኩትም፣ አለቃችንን ግን እስካሁን አልማርኩትም።

የማዘንበሉን ነገር ደሞ ሰው አያስበውም። ሞተርና ካምቢዮ መኪናው ላይ ሲቀመጡ ቀጥ ብለው አይደለም፣ ወደ ኋላ ትንሽ ዘመም ብለው ነው። መስቀለኛው ተሸካሚ ብረት ሲወልቅ ደሞ ይብስበታል። ካምቢዮውን በዛው ዘመምታ ካልሳብከው ፊተኛው ሻፍት ከፍሪሲዮን ሸራው መሃል አይወጣም፣ ይነክሳል። ያን ጊዜ ካምቢዮውን ለቀህ እዛው ሻፍቱ ላይ ካንጠለጠልከው የሸራው መሃል ይጣመማል፣ አሁንስ አሮጌ ነው ይጣላል፣ ስትመልስ ግን አዲሱ ሸራ ላይ ያው ነገር ከተደገመ ገንዘብህን በላህ ማለት ነው፣ አዲስ ፍሪሲዮን ገጥሞ መኪናው ማርሽ ሲገባ ሚንቀጠቀጥበት ሰው አንዱ ምክንያቱ ይሄ ነው። ስለዚህ ክሪኩ ላይ ያለው መያዣ ወደ ፊትና ወደ ኋላ፣ ወደ ግራና ወደ ቀኝ በብሎን ሚዘነብል መሆን አለበት። ሱቅ ስትሄድ መጀመሪያ እሱን እይ። ብሎኑን በእጅህ አዙረው፣ ከዞረና መያዣው ከተንቀሳቀሰ ጥሩ፣ ዝም ብሎ የተበየደ ከሆነ ቀለሙ ቢያምርም ተወው።

አሁን ወደ ሶስቱ ልምጣ።

ረጅሙን እርሳው። እሱ ሙሉ በሙሉ ወርዶ እንኳ ከ1 ሜትር በላይ ነው፣ ተዘርግቶ ደሞ ከሰው ቁመት ያልፋል፣ የተሰራው መኪናው ሊፍት ላይ ተሰቅሎ መካኒኩ ቆሞ ለሚሰራበት ወይ ጉድጓድ ላላቸው ጋራዦች ነው። ጠባሴ ግቢ ውስጥ ምን ታረገዋለህ፣ በግ ልታስርበት ካልሆነ።

ዝቅ ያለው ባለ አራት ጎማ ለዚህ ስራ ተብሎ የተሰራ ነው፣ ሳህኑ ሰፊ ነው ይዘነብላል፣ ሰንሰለት አለው፣ ሲወርድም በቀስታ ነው። ግን ከመግዛትህ በፊት ሜትር ያዝና አንድ ስሌት ስራ፣ ይቺን ስሌት ሳይሰሩ ገዝተው ካምቢዮውን አውርደው ከመኪናው ስር ማስወጣት ያቃታቸው ሰዎች አውቃለሁ። የካምቢዮህ ሰፊው ፊት ከላይ እስከ ታች 40 ሴንቲ ይጠጋል። ክሪኩ ሙሉ በሙሉ ወርዶ 20 ሴንቲ አካባቢ ነው። ሲደመር 60። ካምቢዮው ክሪኩ ላይ እንደተቀመጠ ተንከባሎ እንዲወጣ ከመሬት እስከ ቻሲው ከ60 በላይ ክፍተት ይፈልጋል። 3 ቶን ሚባለው ተራ ስታንድ (የተነሳውን መኪና ተሸክሞ ሚቆመው ባለ አራት እግር ብረት) ደሞ የመጨረሻው ጥርስ ላይ ቢወጣ 42 ሴንቲ አካባቢ ነው። ትልቁ 6 ቶን ስታንድ ወደ 60 ይደርሳል ግን አፈር ላይ መኪና እዛ ድረስ ስቀል ብዬ አልመክርህም። እና ሰው ምን ያረጋል፣ ካምቢዮውን እስከ ታች ያወርድና ከክሪኩ ላይ ወደ አሮጌ ዝተት ያንሸራትተዋል፣ ክሪኩን ለብቻው ያወጣል፣ ከዛ ዝተቱን ከነ ካምቢዮው ሁለት ሆነው ይጎትቱታል። የመንዝ ዝተት ለዚህ ምንም አይለውም፣ ባለቤትህ ግን የትኛው ዝተት እንደሆነ ቀድማ ትወቅ።

ሶስተኛው፣ ሚሰካው ሳህን፣ ላንተ እኔ ምመርጠው እሱን ነው። አንድ ጊዜ ነው ምታወርደው፣ ባለ ጎማ ክሪክ አለህ፣ ያቺን የሲኒ ማስቀመጫ ነቅለህ በቦታዋ ሰፊውን ትሰካለህ። ግን የሚሰካበት እግር ውፍረት ከክሪኩ ቀዳዳ ጋር መግጠም አለበት፣ ሁሉም ክሪክ ቀዳዳው እኩል አይደለም፣ ስለዚህ ወይ ክሪክህን ይዘህ ሂድ ወይ በካሊፐር ለክተህ ሂድ። ላላ ብሎ ከገባ ካምቢዮው ሲከብደው ይጋደማል። ደብረ ብርሃን ጥሩ ብየዳ ቤት ካለህ ደሞ ማሰራት ትችላለህ፣ 8 ሚሊ ውፍረት ያለው ብረት 30 በ25 ሴንቲ አካባቢ፣ በአራቱ ማዕዘን አጫጭር አንግል ብረት፣ ሰንሰለት ማሰሪያ ቀለበት፣ ከስሩ ደሞ ቀዳዳው ውስጥ ልክክ ሚል እግር። ማዘንበሉን በብሎን ማሰራት ካልቻልክ በሽብልቅ እንጨት ትወጣዋለህ፣ ቀርፋፋ ነው ግን ይሰራል። ክሪኩ ራሱ ላይ ምንም ነገር እንዳታስበይድ ብቻ፣ ሙቀቱ ውስጥ ያለውን ጎሚኒ (ዘይቱ እንዳያፈስ ሚይዘውን ጎማ) ያቃጥለዋል።

ዋጋ አልጽፍልህም፣ መጽሔቱ ታትሞ እጅህ እስኪገባ ይቀየራል። እንደውም ከመግዛትህ በፊት ጋራዥ ሄደህ ለሁለት ቀን አከራዩኝ በላቸው፣ የእጅ ዋጋ ቢወደድብህም ክሪክ ማከራየት ብዙዎቹ አይጠሉም።

አሁን ወዳሳሰበህ ነገር፣ አፈሩ። ልክ ነህ እሱ ነው ዋናው፣ እኔ እንደውም ከክሪኩ አይነት በፊት ምጠይቀው እሱን ነው። ባለ ጎማ ክሪክ ሲነሳ ክንዱ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ አይሄድም፣ እንደ በር ነው፣ በአንድ ጫፉ ታስሮ በክብ ነው ሚሄደው። ስለዚህ ሲወጣም ሲወርድም ጫፉ ወደ ፊት ወደ ኋላ ይሄዳል፣ እሱን ለማካካስ ክሪኩ ራሱ በጎማዎቹ መንከባለል አለበት። ሲሚንቶ ላይ ሳታየው ይንከባለላል። መረሬ ላይ ግን እነዛ ትናንሽ የብረት ጎማዎች ይሰምጣሉ፣ ክሪኩ ባለበት ይቀራል፣ ታዲያ ጫፉ ካምቢዮውን ይዞት ይሄዳል ወይ ከስሩ ይንሸራተታል። ሰው ክሪኩ ከዳኝ ይላል፣ የከዳው መሬቱ ነው። መፍትሄው ወፍራም ኮምፔርሳቶ ነው፣ 18 ሚሊ፣ ሙሉው 122 በ244 ሴንቲ ስለሆነ ለስራው ይበቃል፣ ከላዩ ቀጭን ላሜራ ካገኘህ ደሞ ጣል አርግበት እንደ ሰም ነው ሚንሸራተተው። ከስሩ ያለውን አፈር በአካፋ አስተካክለህ ረግጠህ። ስታንዶቹም ስር እያንዳንዳቸው 30 በ30 የሆነ 5 ሴንቲ ውፍረት ያለው ሳንቃ ይግባ፣ አለበለዚያ አራት እግራቸው እንደ ሚስማር ነው ሚገባው። ብሎኬት የትም ቦታ እንዳይገባ፣ ከስታንድ ስርም ከክሪክ ስርም። ብሎኬት ሲሰነጠቅ አያስጠነቅቅም፣ በአንዴ ነው አመድ ሚሆነው። ክረምት ላይ ከሆንክ ደሞ ተወው፣ መረሬ ሲርስ ምን እንደሆነ ላንተ አልነግርህም፣ መኪናውን ጠጠር ያለበት ቦታ አስጎትተው።

ሌላው ሰው ሚረሳው፣ አንድ ክሪክ አይበቃህም። ካምቢዮው ሲወጣ ሞተሩን ከኋላ የያዘው ነገር የለም፣ ወደ ኋላ ይጋደማል፣ ቱቦና ሽቦ ይበጥሳል። ከመኪናው ጋር የመጣችውን ቆማ ምታነሳዋን ትንሽ ክሪክ አውጣና በሞተሩ ዘይት መያዣ ስር ሰፊ እንጨት አርገህ ደግፈው፣ ደግፈው ብቻ እንጂ አታንሳው፣ ላሜራው ይጎደጉዳል። ትልቁ ክሪክ መጀመሪያ መኪናውን ስታንድ ላይ ያወጣል፣ ከዛ ነፃ ይሆንና ሳህኑን ለብሶ ለካምቢዮው ይገባል። ታኮ ደሞ አትርሳ፣ ወደ ዲፈረንሻል ሚሄዱት ሻፍቶች ሲወልቁ ማርሽ አስገብተሃል አላስገባህም መኪናው አይያዝም፣ ልማድ ሆኖብን አንደኛ ማርሽ አስገብተን ተማምነን እንገባለን።

ከስራው በፊት አንድ ቀን ልምምድ አርግ ብልህ አትሳቅብኝ። አንድ ኩንታል ገብስ ክሪኩ ሳህን ላይ አርገህ እሰር፣ ካምቢዮው ባለበት ቁመት ድረስ አውጣው፣ የክሪኩን ክንድ ከፍታ በጠመኔ ምልክት አርግ፣ ቡና ጠጥተህ ተመለስ። ከምልክቱ ከወረደ ያ ክሪክ ካምቢዮ ስር አይገባም። ከዛ አውርደው፣ መፍቻውን (ዘይቱን ሚለቀውን ቫልቭ) በጣም በትንሹ እያዞርክ። 3 ቶን ክሪክ ለከባድ ነገር ስለተሰራ ብዙዎቹ ሲፈቱ ድብ ነው ሚሉት፣ የሩብ ሩብ ዙር ምን ያህል እንደሆነ እጅህ ቀድሞ ይወቀው። ገብሱ ቢወድቅ ይታፈሳል።

ካወረድከው በኋላ ደሞ ሸራውን ብቻ ቀይረህ እንዳትመልስ። የፍሪሲዮን ኩሽኔታውን፣ ፍላይዊሉ መሃል ያለችውን ትንሿን ኩሽኔታ፣ የሞተሩን የኋላ ጎሚኒ እይ፣ ዘይት ሚያፈስ ከሆነ አዲሱንም ሸራ በወር ውስጥ ይበላዋል። ስትመልስ ካምቢዮው ገብቶ ሁለት ሴንቲ ሲቀረው እንቢ ይልሃል፣ ሁሉንም ሰው ይለዋል። ያን ጊዜ በብሎን እየሳብክ እንዳታስገባው። አሉሚኒየም ነው ጆሮው ይሰነጠቃል። ክሪኩን ግማሽ ሴንቲ ከፍ ዝቅ እያረክ፣ የሚስትህ ወንድም ከፊት የሞተሩን ፑሊ በቁልፍ ቀስ እያለ ያዙርልህ፣ ሲገጥም ድምጹን ትሰማዋለህ።

(በነገራችን ላይ ክሪክ፣ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ታኮ፣ እነዚህ ሁሉ የጣሊያን ቃላት ናቸው። ያን ያንተን ፍሪሲዮን የበላውን የጣርማበር መንገድ ዋሻውን የቆፈረውም በወረራው ዘመን እራሱ ጣሊያን ነው። መንገዱንም ስሙንም ትቶልን ሄደ።)

ጥያቄ፦ እኔ ሸዋ ሮቢት ነኝ፣ ቪትዝ አውቶማቲክ ነው ምነዳው። ካምቢዮው መቀየር አለበት ተብዬ ሌላ ያገለገለ አግኝቻለሁ። አንድ ጋራዥ ሲዘጋ ረጅሙን ቆሞ ሚያነሳ የካምቢዮ ክሪክ በርካሽ ሊሸጥልኝ የፈለገ ሰው አለ። ቪትዝ ትንሽ መኪና ስለሆነች በሰው ጉልበትም ይወርዳል ሚሉኝ አሉ። ምን ትላለህ?

መልስ፦ ጉድጓድ አለህ? ከሌለህ ረጅሙን አትግዛ፣ ምክንያቱን ከላይ ለጠባሴው ልጅ ብዬዋለሁ። ርካሽ ማለት ሚጠቅምህ ሲሆን ነው።

በሰው ጉልበት ሚለውን ደሞ ማን እንዳለህ ባላውቅም እሱ ማኑዋሉን አውርዶ ይሆናል። የትንሽ መኪና ማኑዋል ከ30 እስከ 40 ኪሎ አካባቢ ስለሆነ ሁለት ጎረምሳ ይችለዋል፣ እኔ ባልወደውም። አውቶማቲኩ ግን ከነ ዘይቱ 60 ኪሎና ከዛ በላይ ነው፣ ቅርጹም አስቸጋሪ ነው፣ ዲፈረንሻሉ እዛው ውስጥ ስላለ ወደ አንድ ጎን ነው ሚከብደው፣ ሳህኑ መሃል ላይ ካስቀመጥከው ይገለበጣል። መጀመሪያ በትንሹ አንስተህ ወደ የት እንደሚያዘነብል አይተህ ወደዛ ጎን አስጠግተህ ነው ምታስረው፣ ሰንሰለቱን ደሞ የዘይት ሳህኑ ላይ ሳይሆን ወፍራሙ አካሉ ላይ። የዘይት ሳህኑ ስስ ላሜራ ነው፣ ከጎደጎደ ውስጥ ያለውን ማጣሪያ ይነካዋል።

ያንተ ላይ ትልቁ ነገር ግን ሌላ ነው፣ ቶርክ ኮንቨርተሩ። እሱ በውስጡ ዘይት የሞላ እንደ ድስት ያለ ነገር ነው፣ ከካምቢዮው ጋር ነው መውጣት ያለበት እንጂ ሞተሩ ላይ መቅረት የለበትም። ከፍላይዊሉ ላይ ያሉትን ብሎኖች ቀድመህ በታችኛው መስኮት በኩል አንድ በአንድ ሞተሩን እያዞርክ ትፈታቸዋለህ፣ ከዛ ካምቢዮው ሲወጣ ኮንቨርተሩ ወደ ፊት እንዳይንሸራተት በሽቦ ወይ በአንድ ቁራጭ ብረት ታስረዋለህ። ክሪኩን ወደ ፊት ካዘነበልከው ያ ድስት ሾልኮ እግርህ ላይ ነው ሚወርደው፣ ሸዋ ሮቢት ሙቀት ስለሆነ ደሞ ሁላችሁም በሸበጥ ነው ምትሰሩት፣ አውቃችኋለሁ። ጫማ አርግ። ስትመልሰውም መጨረሻው ድረስ መግባቱን አረጋግጥ፣ እያዞርክ ስትገፋው ብዙ ጊዜ ሁለት ወይ ሶስት ጊዜ ቀጭ እያለ ይገባል፣ ሳይገባ በብሎን ከሳብከው የካምቢዮው የዘይት ፓምፕ ይሰበራል፣ ያ ያገለገለ ካምቢዮ እንደገና ያገለገለ ይሆናል።

ሞተሩን ከስር ሳይሆን ከላይ ያዘው። ከአንዱ ፓራፋንጎ ወደ ሌላው ሚደርስ ጠንካራ የብረት ቱቦ፣ ጫፎቹ ስር ብርድ ልብስ እጠፍበት ቀለሙ እንዳይላጥ፣ ከመሃሉ በሰንሰለት ሞተሩ ላይ ያለውን ማንጠልጠያ ጆሮ ያዝ። ቱቦው ላሜራው መሃል ላይ ሳይሆን ፓራፋንጎው ከቻሲው ጋር የታሰረበት ጠንካራ መስመር ላይ ይረፍ። ከዛ ከስር ቦታ ይኖርሃል፣ ዝቅ ያለው ክሪክ ወይ ሳህን የለበሰ ተራ ባለ ጎማ ይበቃሃል።

ጥያቄ፦ ከፍቼ ነው ምጽፈው። ባለ ጎማ ክሪኬ ሲነሳ ጥሩ ነው፣ ከዛ በ10 ደቂቃ ውስጥ ቀስ እያለ ይወርዳል። ጠዋት ጠዋት ደሞ ጭራሽ አይነሳም ብዙ ጊዜ ፓምፕ ሳረገው ነው ሚነሳው። ዘይት ስላነሰው ነው ተብዬ የፍሬን ዘይት ጨመርኩበት፣ ባሰበት። ይጠገናል ወይስ ልጣለው?

መልስ፦ የፍሬን ዘይት! ማን እንደመከረህ እንኳን አልጠይቅህም። የክሪክ ጎሚኒ ለማዕድን ዘይት የተሰራ ነው፣ የፍሬን ዘይት ሲነካው ያብጣል ይላላል፣ ስለዚህ አሁን የባሰበት እሱ ነው። ሁሉንም አፍስሰው፣ ጎሚኒዎቹን ሙሉ በሙሉ ቀይር፣ በትክክለኛ የሃይድሮሊክ ዘይት ሙላው። ዘይት ስትሞላ ክሪኩ ሙሉ በሙሉ ወርዶ ነው፣ ተነስቶ ከሞላህ ሲወርድ ዘይቱ ቦታ አጥቶ ይገፋል።

ከዛ በፊት የነበረው መውረድ ሁለት ነገር ነው ሚሆነው። ወይ መፍቻው ቫልቭ ጫፉ ላይ ቆሻሻ ይዟል፣ ያቺ ትንሽ ኳስ ቦታዋ ላይ አትቀመጥም፣ ወይ ትልቁ ፒስተን ጎሚኒው አልቋል። ለመለየት ከባድ አይደለም፣ ክንዱ ስር ፒስተኑ ሚወጣበት ጋ ዘይት ካላበው ጎሚኒው ነው፣ ውጭው ደርቆ ሚወርድ ከሆነ ግን ዘይቱ በውስጥ በኩል እየተመለሰ ስለሆነ መጀመሪያ ቫልቩን ጠርጥር።

የጠዋቱ ደሞ ያው የፍቼ ብርድ ነው፣ ዘይቱ ይወፍራል፣ ውስጡ አየር ካለ ደሞ እጀታው ስፖንጅ ይሆናል። መፍቻውን ከፍተህ ምንም ሳይጫነው 15 ጊዜ ያህል በፍጥነት ፓምፕ አርገው፣ ዝጋው፣ ሞክረው። ሁለት ሶስቴ ድገመው። አየር ከሆነ ይስተካከላል።

ተጠግኖም ቢሆን ግን ያ ክሪክ ለካምቢዮ አይሁን። ጎማ ይቀይር፣ እዛው ይብቃው። ካምቢዮ በምታወርድበት ጊዜ ብሎኖቹን ፈተህ ሻፍቱ ግማሽ ወጥቶ ሳለ ክሪኩ 2 ሴንቲ ከወረደ ምንም ሳትነካው ሸራውን አጣሞልሃል።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። መሃል ሜዳ ነው ምኖረው። መኪናው የባለቤቴ ነው፣ እሁድ እሁድ ሁልጊዜ ስሩ ተኝቶ ነው ሚውለው። ክሪክ ብቻ አርጎ ነው ሚገባው፣ ልጆቼ ዙሪያውን ይሯሯጣሉ። አሁን ደሞ ካምቢዮ ላወርድ ነው ይለኛል። ስናገረው ይስቅብኛል። ጥሩ ክሪክ ብገዛለት ይሻለዋል ብዬ ነው፣ የትኛውን ልግዛለት?

መልስ፦ እህቴ ክሪክ አትግዢለት። ስታንድ ግዢለት፣ አራት፣ ጥንድ ጥንድ ሆነው ነው ሚሸጡት። ክሪክ ማንሻ ነው እንጂ መያዣ አይደለም፣ የተነሳውን መኪና የያዘው በውስጡ ያለች ትንሽ ዘይትና የጣት ቀለበት ምታክል ጎሚኒ ናት፣ እሷ ከፈነዳች መኪናው ሊወርድ ሰኮንድ አይፈጅበትም። ስታንድ ላይ ግን ብረት በብረት ላይ ነው፣ ሚያፈስ ነገር የለውም። ስትገዢ ጥርሱ ላይ ከሚያርፈው እጀታ ሌላ ተጨማሪ ፒን ሚሰካበት ካለ እሱን ውሰጂ፣ ብየዳዎቹን ዙሪያውን እያየሽ፣ አንድ ቦታ ብቻ ነካ ተደርጎ የተበየደ ከሆነ መልሺው። እያንዳንዱን ስታንድ መሬት ላይ አስቀምጪና አወዛውዢው፣ አራቱም እግር እኩል መርገጥ አለባቸው።

ለካምቢዮው ስራ ያለውን ክሪክ ይጠቀም፣ የጠባሴው ልጅ መልስ ላይ ሳህኑን አሰራሩን ጽፌዋለሁ፣ ገጹን ክፍት አርገሽ ጠረጴዛ ላይ ተይለት፣ አንቺ ካልሽው አይሰማም ከመጽሔት ካነበበው ግን ራሱ እንዳሰበው ሆኖ ያደርገዋል፣ ወንዶች ነን እናውቀዋለን።

ልጆቹን በተመለከተ፣ መኪናው ስታንድ ላይ ባለበት ሰዓት ውስጡ ማንም አይገባ፣ በርም አይዘጋ በኃይል። ከመኪናው ከወለቁት ጎማዎች አንዱ ደሞ በጎኑ ተጋድሞ ከቻሲው ስር ይግባ፣ ሁሉም ነገር ቢከዳ እንኳ መኪናው ጎማው ላይ ያርፋል፣ ነፃ ነገር ነው ምንም አያስወጣም።

አንቺ ከስር መግባት ሳይጠበቅብሽ ማየት ምትችይበት መንገድ ደሞ አለ። መኪናውን ስታንድ ላይ አውጥቶ ሲጨርስ፣ ገና ሳይገባ፣ ከጎን በኩል ሁለት እጅሽን አርገሽ መኪናውን በደንብ ግፊው። እሱ እንደሚስቅብሽ አውቃለሁ፣ ይሳቅ። መኪናው በስፕሪንጎቹ ትንሽ ሊወዛወዝ ይችላል፣ ስታንዶቹ ግን ከሳንቃቸው ላይ ንቅንቅ ማለት የለባቸውም። አንዱ እግር እንኳ ከተነሳ ወይ ሳንቃው አፈር ውስጥ ከሰመጠ፣ አውርዶ እንደገና ያስተካክለው፣ ያንን ሳያረግ ከስር ሚተኛበትን ብርድ ልብስ አታንጥፊለት።